የባምባሲ ቦኖና የጓሮው ጎመን

የቤኒሻንጉል ጉሙዟ ባምባሲ ውሃ ያጣች ከተማ አይደለችም። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሰማዩ ሳይሰስት ይለግሳታል፤ በአሶሳ ዙሪያ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ ምንጮች ይመነምናሉ፣ ቦኖ ፊት የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ ይረዝማል። በዚያው ወቅት ከቦኖው ሥር የፈሰሰው ውሃ ረግረግ ሠርቶ ትንኝ ያራባል፤ የልብስ እጣቢውም ደጅ ይደፋል። ውሃው አለ፣ መሬቱ አለ፣ አራሹም አለ። የጠፋው ሦስቱን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ፕላን ነው። ይህ ክፍተት ደግሞ የዛሬ አይደለም፤ አካባቢው ከተሰፈረበት መንገድ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

በርታና ማኦ በኖሩበት በዚህ አገር ቤትና ጓሮ ተለያይተው አያውቁም። ማንጎ ከደጅ ይተከላል፤ ጥላም ምግብም ገቢም ነው። ባምያው ከግቢ አይርቅም። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1977ቱ ረሃብ ጋር ነው። ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው፣ ብዙውን ሳይወድ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያጓጉዝ አሶሳ ከዋነኞቹ መቀበያዎች አንዷ ነበረች። እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩት መንደሮችና አምባዎች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። ቤቶቹ በመስመር ተደረደሩ፤ ዋናው እርሻ የጋራ ሆነ፤ ለየቤተሰቡ የቀረችው የጓሮ ቁራሽ ነበረች። የፕላን አውጪዎቹ ሐሳብ ሰፊው ማሳና ትራክተሩ ላይ ነበር፤ ውሃ መቅጃው የት ይሁን ሲባል ጓሮውን ያስታወሰ አልነበረም። ከቀዬው ለተነቀለ ሰው ግን በገዛ ፈቃዱ የሚያዝባት መሬት እርሷ ብቻ ነበረች። ይህን አለማየት ከባድ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከ27 ዓመት በኋላ ታሪኩ በሌላ መልክ ተደገመ። በ2004 ዋዜማ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሳ ሕዝቡ በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻገረ፤ 2004 ሳያልቅም የባምባሲ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። የመጡት አብዛኞቹ አራሾች ናቸው። በመጠለያ ሥራ የሚታወቀው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውሃ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 100 ሊትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ከዚህ የሚጠጣውና የሚበሰልበት ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ለገላ፣ ለልብስና ለዕቃ ይውላል። መለኪያው ውሃው ቤት መድረሱን ይቆጥራል። ከታጠቡበት በኋላ የት እንደሚሄድ ግን የሚቆጥር የለም።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት አላት። በመካኒሳ፣ በጎፋና በአቃቂ የወንዝ ዳር አትክልተኞች ለአሥርት ዓመታት ከተማዋን ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ሲመግቡ ኖረዋል። የሚያጠጡበት ወንዝ ግን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ የሚቀላቀልበት ሆነ፤ ተመራማሪዎች በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አገኙ። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ የተስፋፋው ገና በ2010 ነው። ገበሬው ወንዙን አልበከለም፤ ወቀሳው ግን በእርሱ ላይ አረፈ። የቤት እጣቢና የፋብሪካ ፍሳሽ አንድ ቱቦ ውስጥ ከገቡ በኋላ መለየት በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ይጠይቃል። ባምባሲ ላይ የቆዳ ፋብሪካ የለም። ውሃዋን ገና ከምንጩ ለይታ መያዝ የምትችል ከተማ ናት፤ ይህ ዕድል አዲስ አበባን አምልጧታል።

እንዴት እንደሚያዝ ደግሞ አገር ውስጥ ተሞክሯል። ከ1999 ወዲህ ባሉት ዓመታት በአርባ ምንጭ፣ ዩኒቨርሲቲው በተሳተፈበት ሮዛ በተባለ ፕሮጀክት፣ በቤት እጣቢ የሚለማ የአትክልት ማማ ተሠርቶ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። አራት እንጨት መሬት ላይ ይተከልና ዙሪያው በጆንያ ወይም በወፍራም መረብ ይሸፈናል። መሐሉ ላይ ቂጡ የተቆረጠ ባልዲ ይቀመጥና ጠጠር ይሞላበታል፤ በባልዲው ዙሪያ አፈር፣ ኮምፖስትና አመድ ተቀላቅሎ ይጠቀጠቃል። ባልዲው ወደ ላይ ሲሳብ ጠጠሩ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይቀራል። ይህ እስከ አናት ይደጋገማል። ከዚያ ጆንያው በየጎኑ ይሰነጠቅና የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ይሰካበታል። እጣቢው ከላይ በጠጠሩ ላይ ሲፈስ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ ቅጠሉን አይነካም። አንድ ካሬ ሜትር የማይሞላ ቦታ ለአንድ ቤት ወጥ የሚሆን ጎመን ይሰጣል።

ለባምባሲ ይህ የተሰፋ ልብስ ነው። እንጨቱን የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመሉ፣ ይተካዋል፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በእርሱ የታወቀ ነው። አመዱም እዚህ ድርብ ጥቅም አለው፤ የአሶሳ ዙሪያ ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አመድ ያክመዋል። ጥንቃቄም አለ። ብዙ ኦሞና በረኪና ያለበት ውሃ አፈሩን ይጎዳል፤ አልፎ አልፎ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የሽንት ቤት ፍሳሽ ፈጽሞ አይቀላቀልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ስለ ፍሳሽ ውሃ አጠቃቀም ያወጣው መመሪያም አንድ መከላከያ ብቻ እንዳይታመን ይመክራል፤ ማጣራት፣ ቅጠሉን አለማርጠብ፣ አጥቦና አብስሎ መብላት ተደጋግፈው ይሠራሉ።

ይህን ከአንድ ቤት ወደ ቦኖው ስናሰፋው፣ የማስበው የጋራ ቦታ እንዲህ ያለ ነው። ቦኖው ከፍ ያለ ቦታ ይሁን፤ ከጎኑ የልብስ ማጠቢያ የሲሚንቶ ወለል ይዘርጋ፤ ከወለሉ የሚወርደው ውሃ አሸዋና ቅባት በሚያስቀር ጉድጓድ አልፎ ወደ ሙዝና ማንጎ ሥር ይግባ። ማማዎቹ በዙሪያው ይቁሙ። በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት ጣሪያ ደግሞ የክረምቱን ውሃ ይያዝ፤ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ 1000 ሚሊ ሜትር ዝናብ 40,000 ሊትር ነው፤ ሲሶው ቢባክን እንኳ ለበጋው ችግኝ ይበቃል። ሴቶቹ ልብስ እያጠቡ የሚጨዋወቱበት፣ ልጆች ጥላ የሚያገኙበት ቦታ ይሆናል። ሐሳቡ በትልቁም ይሠራል፤ በህንድ ኮልካታ ከተማ ዳር የከተማውን ፍሳሽ ተቀብሎ ዓሣና አትክልት የሚያመርተው ረግረግ መሬት 12,500 ሄክታር ይሸፍናል። እኛ የምንጀምረው ከአንድ ቦኖ ነው።

ከባዱ ነገር ግንባታው አይደለም፤ ባለቤትነቱ ነው። የማን እንደሆነ ያልታወቀ የጋራ አትክልት ቦታ በሁለተኛው በጋ ይደርቃል። መሬቱ በደብተር ለውሃ ኮሚቴው መሰጠት አለበት፤ በኮሚቴው ውስጥም የበርታና የማኦ እናቶች፣ የወሎ ሰፋሪ ልጆችና ከመጠለያው የመጡት ሱዳናውያን አብረው መቀመጥ አለባቸው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች በግብርና ሥራ እንዲሰማሩ በር ከፍቷል፤ በ2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የጓሮ ምርትን የመንግሥት አጀንዳ አድርጎታል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከማፈላለግ በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ የባምባሲ ማዘጋጃ ቤት የሚቀጥለውን ቦኖ ንድፍ ሲያወጣ፣ የአትክልቱን ቦታ በዚያው ወረቀት ላይ ያስምር።