ዝርዝሩ ሳይወጣ
የምሠራበት ድርጅት «የሠራተኛ ቅነሳ ይኖራል» ያለን ሰኞ ዕለት ነበር። የሚቀነሱት ሰዎች ዝርዝር የወጣው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ስሜ አልነበረበትም። ቢሆንም በእነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ የሚባል ነገር በደንብ አላየሁም። ያልተባረረ ሰው ምን ሆኖ ይታመማል? ይቺን ጥያቄ ይዤ ነው የድሮ ጥናቶችን መቆፈር የጀመርኩት።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ሁለት ፋብሪካዎች ሊዘጉ ነበር። ሲድኒ ኮብ እና ስታኒስላቭ ካዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ነርሶችን ወደ ሠራተኞቹ ቤት ላኩ። ነርሶቹ ፋብሪካዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት የሰዎቹን የደም ግፊት ለኩ፤ ከተዘጉም በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል እየተመላለሱ ለኩ። ግፊቱ ገና ደሞዝ እየተከፈላቸው ሳለ ከፍ ብሎ ነበር። ሌላ ሥራ ሲያገኙ ወረደ።

ግን እንደኔ ኮድ ሲፈትሽ የሚውል ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር ይከነክነዋል። ነርሶቹ ሲደርሱ ሠራተኞቹ ወሬውን ሰምተዋል። ከወሬው በፊትስ ስንት ነበር? አልተለካም።

ይህን ክፍተት የሞላው ለንደን ላይ የተፈጠረ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 እነ ማይክል ማርሞት በ20 መሥሪያ ቤቶች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችን ጤና መመዝገብ ጀመሩ፤ በጠቅላላው 10,308 ሰው። «ኋይትሆል 2» ይባላል። ስለ ቅነሳ ያሰበ አልነበረም፤ የፈለጉት የሥራ ደረጃ ከጤና ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። የመንግሥት ሥራ ደግሞ እዚያም እንደኛው «እስከ ጡረታ» የሚባልለት ነበር። ምዝገባው ካለፈ በኋላ መንግሥት የራሱን ሕንፃዎች የሚያሠራውንና የሚያስጠግነውን መሥሪያ ቤት ለግል ባለሀብቶች ለመሸጥ ተነሳ።

እንግዲህ ተመራማሪዎቹ እጅ ላይ ምን እንዳለ አስቡት። ሽያጩ የሠራተኞቹን እንቅልፍ ሳይነሳ የተያዘ መዝገብ አለ፤ የሚወዳደሩበት የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄን ፌሪ እና ባልደረቦቿ ውጤቱን አሳተሙ። ሽያጩን ሲጠባበቁ የነበሩት «ጤናችሁ እንዴት ነው?» ሲባሉ የሰጡት መልስ ከሌሎቹ አንፃር እየከፋ ሄዶ ነበር። ያኔ ገና በመጠባበቅ ላይ ነበሩ።

እኔ ዝርዝሩ በወጣ ማግስት የግፊት መለኪያ ገዛሁ። ከዚያ ሰኞ በፊት ስንት እንደነበር ግን አላውቅም፤ ተለክቼ አላውቅማ።