የኖቱ ፊትና የመንደሩ ድምፅ

የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ለዝውውር ያዋለው የአንድ ሺህ ክሩዜሮ ኖት በአንድ ገጹ የማርሻል ካንዲዶ ሮንዶንን፣ በሌላው ገጹ ደግሞ ካራዣ የተባለው ነባር ሕዝብ ልጆችን ምስል ይዞ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮንዶን በአማዞን ደኖች ውስጥ የቴሌግራፍ መስመር የዘረጋ፣ በ1910 ደግሞ ነባር ሕዝቦችን ይጠብቃል የተባለውን መሥሪያ ቤት ያቋቋመ መኮንን ነው። እርሱ ስም ነበረው፤ ልጆቹ ግን የሕዝባቸው መገለጫ ከመሆን በቀር ስም አልተሰጣቸውም። ኖቱም ብዙ አልቆየም። የዋጋ ንረቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበላው ሄዶ በኦገስት 1993 ሦስት ዜሮ ተቆረጠለትና አንድ ክሩዜሮ ሪያል ብቻ ሆነ። በጁላይ 1994 የዛሬው ሪያል ሥራ ላይ ሲውል፣ አንዷን ሪያል ለማግኘት 2,750 እንዲህ ያሉ ኖቶች ያስፈልጉ ነበር። የነባር ሕዝቦችን ፊት የያዘ ወረቀት፣ ዳቦ እንኳ የማይገዛ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

በፌብሩዋሪ 1996 ያ ፊት ባልተጠበቀ ቦታ ተመልሶ ታየ። ሴፑልቱራ የተባለው የብራዚል የሄቪ ሜታል ባንድ "ሩትስ" ማለትም "ሥሮች" የሚል ስያሜ የሰጠውን ስድስተኛ አልበሙን ሲያወጣ፣ ሽፋኑን የሠራው አሜሪካዊው ሠዓሊ ማይክል ዌላን መነሻ ያደረገው በኖቱ ላይ የነበረውን ምስል ነበር።

ሄቪ ሜታልን የጩኸት ክምር አድርጎ የሚያይ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ሙዚቃው ራሱ እንደዚያ እንዲታይ ብዙ ጥሯል። ነገር ግን ይህ አልበም በአንድ አገር የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው ብዬ አምናለሁ። የዓለም ሙዚቃ ከሮክ ጋር ስለተዳቀለበት ብቻ አይደለም። መዳቀል በዘመኑ ርካሽ ነበር። "የዓለም ሙዚቃ" የሚለው ስያሜ ራሱ በ1987 ለንደን ውስጥ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚዎች በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው፣ የሸክላ መደብሮች ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጪ የመጣውን ሁሉ የሚደረድሩበት መደርደሪያ እንዲኖራቸው የተስማሙበት የንግድ ምልክት ነው። ከ1997 ጀምሮ "ኤቲዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ርዕስ ፓሪስ ውስጥ የወጡት የእኛ የእነ ማሕሙድ አህመድና የእነ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎችም ወደዚያው መደርደሪያ ገብተዋል። በመደርደሪያው ላይ ማን ማንን እንደቀረጸና በምን ስምምነት እንደቀረጸው አይጻፍም። የ"ሩትስ" ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሴፑልቱራ በፖርቱጋልኛ መቃብር ማለት ነው። ባንዱ በ1984 ቤሎ ኦሪዞንቴ በተባለችው የማዕድን አገር ከተማ ሲቋቋም ማክስ ካቫሌራና ወንድሙ ኢጎር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። አባታቸው የጣልያን ቆንስላ ሠራተኛ ነበር፤ ሞቱ ቤተሰቡን ከደህና ኑሮ ወደ ችግር ጣለው። አገሪቱም በ1964 በመፈንቅለ መንግሥት የወጣው የጄኔራሎች አገዛዝ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። የሚገርመው፣ ወጣቶቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለዚህ ሁሉ አንዳች አልዘፈኑም። የዘፈኑት ከእንግሊዝ ሸክላዎች ስለለቀሙት ሰይጣን፣ በቅጡ በማያውቁት እንግሊዝኛ ነበር። የቅኝ ተገዢ ልጅ ቁጣውን እንኳ ከውጭ ያስመጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለውጡ የመጣው ዝናቸው አውሮፓና አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ርቀው ሲሄዱ አገራቸው ታየቻቸው። በ1993 ባወጡት አልበም ውስጥ አንዱ ዘፈን በ1992 ሳኦ ፓውሎ በሚገኘው የካራንዲሩ እስር ቤት ፖሊስ 111 እስረኞችን ስለፈጀበት ጭፍጨፋ ነው። ሌላው፣ ካለ አንዳች ቃል በጊታርና በከበሮ ብቻ የተሠራው፣ መሬታቸውን ተነጥቀው ራሳቸውን ስላጠፉት የጓራኒ ካይዮዋ ሰዎች ነው። ይህን ሁለተኛውን የቀረጹት ዌልስ ውስጥ በሚገኝ አሮጌ ግንብ ፍርስራሽ ውስጥ ነበር። ለካይዮዋዎች ማዘናቸውን አልጠራጠርም፤ ሐዘናቸው ግን ካይዮዋዎች ከሌሉበት አገር የተላከ ነበር። ስለ ሰዎቹ እንጂ ከሰዎቹ ጋር አልነበረም። የ"ሩትስ" ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ማክስ ካቫሌራ ሐሳቡ የመጣለት በ1991 ኤክቶር ባቤንኮ ስለ አማዞን ሚስዮናውያን የሠራውን ፊልም ሲያይ መሆኑን ተናግሯል። ከሆሊውድ ሐሳብ ተበድሮ ወደ ገዛ አገር መመለስ ጥቂት ፈገግ ያሰኛል። የሆነ ሆኖ በኖቬምበር 1995 የባንዱ አባላት በማቶ ግሮሶ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ፒሜንቴል ባርቦሳ ወደተባለች የሻቫንቴ ሕዝብ መንደር በትንሽ አውሮፕላን ተጓዙ።

የመንደሯ ስም ብቻውን አንድ የታሪክ ምዕራፍ ነው። ሻቫንቴዎች ራሳቸውን "አውዌ" ይላሉ፤ ሰው፣ ሕዝብ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰፋሪዎች ጋር ያሳለፉት ዘመን አስመርሯቸው ወንዝ ተሻግረው ወደ ምዕራብ ሸሹ፤ ለአንድ መቶ ዓመት ገደማም ማንንም ወደ ምድራቸው አላስጠጉም። በ1941 ሮንዶን ካቋቋመው መሥሪያ ቤት የተላከው ጄኔዚዮ ፒሜንቴል ባርቦሳ ሊያግባባቸው ቢመጣ እርሱንም ባልደረቦቹንም ገደሉ። ሰላማዊ ግንኙነት የተጀመረው በ1946 ነው። መንግሥትም ምድራቸውን በካርታ ላይ ሲያሰፍር በገደሉት ሰው ስም ሰየመው። ሻቫንቴዎቹ ለቦታው የራሳቸው ስም አላቸው፤ ካርታው ግን የሟቹን ይዟል።

ከግንኙነቱ በኋላ የመጣው ሞት ይበልጥ ጸጥ ያለ ነበር። በ1966 ማራይዋትሴዴ በተባለው ምድር ይኖሩ የነበሩት ሌሎች ሻቫንቴዎች ለአንድ ግዙፍ የከብት እርባታ ቦታ እንዲለቁ ተደርገው በአየር ኃይል አውሮፕላን ወደ ሩቅ የሚስዮን ጣቢያ ተጋዙ። እዚያ እንደደረሱ የኩፍኝ ወረርሽኝ ብዙዎቹን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈጃቸው። የነባር ሕዝቦች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በዝርፊያና በግድያ ተዘፍቆ በመገኘቱ በ1967 ፈረሰ። ወንጀሉን የዘረዘረው ከ7,000 ገጾች በላይ ያለው ሪፖርት ለአርባ ዓመታት ያህል በእሳት ጠፋ ሲባል ቆይቶ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሪዮ ዴ ዣኔሮ ውስጥ በአንድ ቤተ መዘክር ተገኘ። በ2014 የብራዚል የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ከ1946 እስከ 1988 ባለው ጊዜ መንግሥት በፈጸመው ወይም በቸልታ ባሳለፈው ድርጊት ቢያንስ 8,350 የነባር ሕዝብ አባላት መሞታቸውን ገምቷል። ይህም ኮሚሽኑ ያጠናቸውን ጥቂት ሕዝቦች ብቻ የሚመለከት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሻቫንቴ የድምፅ መቅረጫን ምንነት ከማንም ቀድሞ ተረድቶት ነበር። ማሪዮ ዡሩና በ1970ዎቹ ብራዚሊያ በሚገኙት የመንግሥት ቢሮዎች የሚመላለሰው ቴፕ ሪከርደር በእጁ ይዞ ነበር። ባለሥልጣኑ ስለ መሬቱ ቃል ሲገባ ዡሩና ይቀርጻል፤ ቃሉ ሲታጠፍ ክሩን አጠንጥኖ ያሰማዋል። ጋዜጦች መጀመሪያ እንደ ቀልድ ያዩት ይህ ልማድ ውሎ አድሮ አገዛዙን የሚያሳፍር ሆነ። በ1980 ሮተርዳም በተካሄደው የራስል የሕዝብ ፍርድ ሸንጎ ላይ እንዳይገኝ መንግሥት ፓስፖርት ቢከለክለውም በፍርድ ቤት ውሳኔ ሄደ። በ1982 ከሪዮ ዴ ዣኔሮ ተመርጦ የፌዴራል ምክር ቤት አባል ሲሆን በብራዚል ታሪክ የመጀመሪያው ነባር ተወላጅ ነበር። በ1986 መቀመጫውን አጣ፤ በ2002 በስኳር በሽታ ምክንያት አረፈ። ሁለተኛዋ የነባር ሕዝብ እንደራሴ የተመረጠችው በ2018 ነው።

እንግዲህ ሴፑልቱራ የሻቫንቴ መንደር ሲደርስ የመቅረጫ መሣሪያ ለዚያ ሕዝብ ብርቅ አልነበረም። መቅረጽ ውል እንደሆነ፣ የተቀረጸ ቃል ማስረጃ እንደሆነ ከራሳቸው ሰው ተምረውታል። ወጣቶቹም ድምፅ ነጥቀው አልሄዱም። በመንደሩ አደሩ፣ ሰውነታቸውን በሻቫንቴ ወግ ቀለም ተቀቡ፣ መጀመሪያ የራሳቸውን ተጫወቱላቸው፤ ከዚያም አብረው ተቀመጡና የፈውስ ሥርዓት ዜማውን በተፈጥሯዊ ጊታርና በከበሮ እያጀቡ ቀረጹ። ውጤቱ "ኢትሳሪ" ይባላል፤ በሻቫንቴ ቋንቋ ሥሮች ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር የለበትም፣ ማክስ አይጮህበትም። በመሬት ላይ በሚመታ እግርና በወንዶች ኅብረ ድምፅ የሚሄድ ሲሆን እንግዶቹ ከኋላ ሆነው ይከተላሉ። በዓለም ዙሪያ ሲጮኽ የኖረው የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ነው፤ ለእኔ ግን የአልበሙ ልብ ይህ ነው። አንድ ስመ ጥር ባንድ በገዛ አልበሙ ላይ አጃቢ ለመሆን ሲፈቅድ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የቀረው ሥራ የተቀረጸው በካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ አቅራቢያ፣ በሮስ ሮቢንሰን አዘጋጅነት ነው። ጊታሮቹ ከተለመደው እጅግ ዝቅ ተደርገው ስለተቃኙ ከበሮው እንዲገዛ ቦታ ለቀዋል። ለአንዱ ዘፈን መግቢያ የሆነው በሪምባው የተባለው መሣሪያ አንድ አውታር ብቻ ያለው ነው። በዚህ ማሲንቆን ቢመስልም የሚመታው በቀጭን በትር ነው፤ ከአንጎላ ተግዘው በመጡ ባሮች እጅ ወደ ብራዚል እንደገባ ይታመናል። ከባሂያ የመጣው የከበሮ ሊቅ ካርሊኞስ ብራውን የተሳተፈበት በፖርቱጋልኛ የተዘፈነ ሥራ ደግሞ የሸሹ ባሮች መንግሥት መሪ የነበረውን የዙምቢን ስም ይጠራል። ዙምቢ የተገደለው ኖቬምበር 20 ቀን 1695 ነው። አልበሙ በሚቀረጽበት ወቅት፣ በ300ኛው ዓመት መታሰቢያ፣ ጥቁር ብራዚላውያን ብራዚሊያ ላይ ሰልፍ ወጥተው ጥያቄያቸውን ለፕሬዚዳንቱ አቅርበዋል። ሌሎች ዘፈኖች በ1988 በከብት አርቢዎች እጅ የተገደለውን የጎማ ወተት ለቃሚዎች መሪ ሺኮ ሜንዴስንና የ1964ቱን መፈንቅለ መንግሥት ያነሳሉ። እነዚህ በግጥም ረገድ ደካማ ናቸው፤ መፈክር ይበዛባቸዋል።

ስለ አልበሙ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የጣልያን ስደተኛ ልጆች በሻቫንቴ ምድር "ሥሮቻችን" የሚሉት በምን መብት ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ "ሁላችንም ብራዚላውያን ነን" በሚል መልስም አይታለፍም። ይህን መልስ ነባሮችን ከምድራቸው ያፈናቀሉት ጄኔራሎችም ይሰጡት ነበርና። በእኔ አስተያየት ሽፋኑና "ኢትሳሪ" እዚህ ላይ ይለያያሉ። ሽፋኑ መንግሥት የሠራውን ይደግማል፤ ስም የሌለው የካራዣ ፊት ወስዶ የሁሉም ምልክት ያደርገዋል፤ ካራዣዎች በአልበሙ ላይ እንኳ የሉም። "ኢትሳሪ" ግን የሕዝቡን ስም ጠርቶ፣ ከነቋንቋው፣ በራሱ መንደር ያሰማዋል። አንዱ ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ከዡሩና ክር ወገን ነው። ይህም ሆኖ የዘማሪዎቹን ስም ከአድማጮች ስንቱ እንደሚያውቅ ብንጠይቅ መልሱ አያኮራም።

አልበሙ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 4ኛ፣ በአሜሪካ 27ኛ ሆነ። ከመውጣቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 1996፣ የፕሬዚዳንት ካርዶዞ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን መሬት አከላለል ለመቃወም ለክፍለ ግዛቶችና ለባለይዞታዎች በር የከፈተውን 1775ኛ ድንጋጌ አውጥቶ ነበር። የ1988ቱ ሕገ መንግሥት ነባር ሕዝቦች በጥንታዊ ይዞታቸው ላይ ያላቸውን መብት አረጋግጦ፣ ወሰኑ በአምስት ዓመት ውስጥ ተከልሎ እንዲያልቅ ደንግጓል፤ ጊዜው በ1993 አልፏል። ለንደን ውስጥ የሻቫንቴን ዜማ በገንዘቡ የገዛ ወጣት ይህን አያውቅም ነበር። ብራዚሊያ ውስጥ ድንጋጌውን የፈረመው ደግሞ ዜማውን አልሰማም ይሆናል።

ባንዱም አልሰነበተም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ የማክስ ባለቤት የነበረችው ሥራ አስኪያጅ ውሏ እንዳይታደስ ሌሎቹ አባላት ሲወስኑ ማክስ ለቆ ወጣ። የማራይዋትሴዴ ሻቫንቴዎች ምድራቸው በ1998 በሕግ ቢረጋገጥላቸውም መመለስ የጀመሩት በ2004 ነው፤ ሰፋሪዎቹ በመንግሥት ኃይል የወጡት ደግሞ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 የብራዚል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ነባር ሕዝቦች በ1988 ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት ዕለት ያልያዙትን መሬት ሊጠይቁ አይችሉም የሚለውን ክርክር ውድቅ አደረገ። በዲሴምበር ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ ሽሮ ያንኑ ክርክር ሕግ አድርጎ አጸደቀው። ሴፑልቱራ የስንብት ጉዞውን ከቤሎ ኦሪዞንቴ የጀመረው ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 2024 ነው።