ፈረስን የሚገዛው ብረቱ ነው?

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 193 ነው። አንድ የሮማ ጦር በሰሜን ጣሊያን፣ ሊጉሪያ በሚባለው አገር፣ ጠባብ የተራራ መተላለፊያ ውስጥ ተከቦ መውጫ አጣ። ከጦሩ ጋር 800 ያህል የኑሚድያ ፈረሰኞች ነበሩ፤ አገራቸው የዛሬዋ አልጄሪያ አካባቢ ነው።

የታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደሚተርከው፣ እነዚህ ፈረሰኞች ወደ ጠላት ጠባቂዎች ሲጠጉ ሳቅ ሆነ። ፈረሶቹ ትንንሽና ከሲታ ናቸው፤ ልጓም የላቸውም፤ አንገታቸውን አግትረው ይሮጣሉ። ፈረሰኞቹም ሆን ብለው እየወደቁ ሳቁን አባሱት። ጠባቂዎቹ ተዘናግተው ትርኢቱን ማየት ሲጀምሩ፣ ኑሚድያውያኑ ድንገት ፈረሶቻቸውን ኮልኩለው መሃላቸውን ሰንጥቀው አለፉ። ከኋላ ያሉትን መንደሮች ማቃጠል ሲጀምሩ ከባቢው ቤቱን ለማዳን ተበተነ፤ ሮማውያኑም ከወጥመድ ወጡ።

በአማርኛ መረን የለቀቀ ሰው “ልጓም የለውም” ይባላል። ሊጉሪያውያኑም እንዲሁ አስበው ነበር፤ ብረት ያልጎረሰ ፈረስ ጌታ የለውም ብለው። ኑሚድያውያን ግን ፈረሳቸውን የሚያዙት በአንገቱ ላይ በታሰረ ገመድ፣ በበትርና በእግራቸው ነበር። ከ300 ዓመት በኋላ ሮም ከተማ በትራያን ዓምድ ላይ የተቀረጹት የሰሜን አፍሪካ ፈረሰኞችም ፈረሶቻቸው ልጓም የላቸውም።

ታዲያ ብረቱ ለምን አሸነፈ? ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ብረቱ የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ መካከል፣ ጥርስ በሌለበት ድድ ላይ ነው። በትንሹ ሲሳብ ይሰማል፤ በኃይል ሲሳብ ያቆስላል። ግሪካዊው ዜኖፎን በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ፈረስ ግልቢያ ሲጽፍ፣ ፈረሰኛ ቢያንስ ሁለት ልጓም እንዲኖረው መክሯል፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ሻካራ። ሻካራውን የቀመሰ ፈረስ ለስላሳውን ይወዳል የሚል ስሌት ነበር።

በካሊፎርኒያ የነበሩት ስፓኒሽ ተናጋሪ ከብት ጠባቂዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ወጣቱን ፈረስ የሚያሠለጥኑት ብረት ሳያጎርሱ፣ አፍንጫው ላይ በሚያርፍ የተጎነጎነ ቆዳ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች “ሃካሞር” የሚሉት ይህንን ነው፤ ቃሉ ወደ ስፓኒሽ የገባው ከዓረብኛ ነው። ብረቱ የሚመጣው ፈረሱ ትእዛዝ ከተማረ በኋላ ነው።

በዚያው ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1955 ዌንደል ሮቢ ከጓደኞቹ ጋር ከታሆ ሐይቅ አካባቢ እስከ ኦበርን 160 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ቀን ጋለበ። ከዚያ የተወለደው የቴቪስ ካፕ ውድድር የዘመናዊው የረጅም ርቀት ግልቢያ መነሻ ሆነ። እዚህ ውድድር ላይ ቀድሞ መድረስ ብቻውን አይበቃም። የእንስሳት ሐኪሞች የልብ ምቱንና አካሄዱን አይተው መቀጠል የማይችለውን ፈረስ ያሰናብታሉ። በመንገዱ ሁሉ መጠጣትና መብላት አለበት። ብረት ጎርሶም ይጠጣል፤ አፉ ነጻ ሲሆን ግን ይቀለዋል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም በረጅም ርቀት ውድድር ያለ ብረት መጋለብን ይፈቅዳል።

ይሁን እንጂ ብረት የሌለው ሁሉ የዋህ አይደለም። ዛቡ በአፍንጫ ማሰሪያው ግራና ቀኝ በቀጥታ የሚያያዝበት ዓይነት ቀላልና ግልጽ ነው፤ ግራ ሲሳብ ግራ ይዞራል። በአገጭ ሥር ተሻግሮ የሚያልፈው ጫናውን ለጠቅላላው ራስ ያካፍላል፤ ነገር ግን ሲለቀቅ ቶሎ ላይላላ ይችላል። በጎንና በጎን ረጅም የብረት ክንድ ያለው ደግሞ የእጅን ጉልበት ያበዛል፤ በከባድ እጅ ከብረት ልጓም የማይተናነስ ሕመም ያደርሳል። ማሰሪያው ወርዶ ለስላሳው የአፍንጫ ጫፍ ላይ ካረፈ ትንፋሽ ያውካል፤ ፈረስ በአፉ አይተነፍስምና። በ160 ኪሎ ሜትር ጉዞ ትንሿ ፍትጊያ ቁስል ትሆናለች።

ስለዚህ ከምርጫው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ ፈረስ በታጠረ ሜዳ ውስጥ፣ ብረት ሳይጎርስ፣ ቁም ሲባል ይቆማል ወይ? ካልቆመ መለወጥ ያለበት ሥልጠናው ነው። ሊጉሪያውያን ያዩት የጎደለውን ብረት ብቻ ነበር። ፈረሱና ፈረሰኛው ከዚያ በፊት አብረው የተማሩትን አላዩም፤ ዋጋውንም የከፈሉት በመንደሮቻቸው ነው።