ንጉሡ የተመኟት በራሪ ሽኮኮ

እ.ኤ.አ. በ1609 ታኅሣሥ ላይ የሳውዝሃምፕተኑ ኧርል ለአንድ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሹም ደብዳቤ ጻፈ። ጉዳዩ ጦርነት ወይም ግብር አልነበረም። ከቨርጂኒያ ስለመጡ በራሪ ሽኮኮዎች ለንጉሥ ጄምስ ቢያጫውታቸው፣ ንጉሡ ለእሳቸው የተዘጋጀ አለመኖሩን አጥብቀው ስለጠየቁት ነው። በዚያው ብርዳማ ወራት ጄምስታውን የነበሩት ሰፋሪዎች በረሃብ እያለቁ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱን ግን ሽኮኮ አማረው።

ሽኮኮ ስንል በዓለት ንቃቃት የምትኖረውን የአገራችንን እንስሳ ማለታችን አይደለም፤ ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ስም ስለሰጠ ነው። ይህችኛዋን የፖውሃታን ሕዝቦች አሳፓኒክ ይሏት እንደነበር፣ 30 እና 40 ያርድ ስትበር እንደታየችም ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1612 በታተመ መጽሐፉ ጽፏል። በርግጥ አትበርም። ከፊት እግሯ አንጓ እስከ ኋላ እግሯ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቆዳ አላት፤ ከዛፍ ላይ ስትዘል እሱን እንደ ነጠላ ትዘረጋና ትንሳፈፋለች፣ በጠፍጣፋ ጅራቷ ሚዛኗን ጠብቃ ሌላ ግንድ ላይ ታርፋለች። ክብደቷ 100 ግራም አይሞላም። ዛሬም ቨርጂኒያ ውስጥ አለች። እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የማያዩዋት በሌሊት ብቻ ስለምትወጣ ነው።

እኛን የበለጠ የሚያሳስበን ግን ዘመዷ ናት። በዌስት ቨርጂኒያ ከፍተኛ ተራሮች የምትኖረው ሰሜናዊቷ በራሪ ሽኮኮ ኑሮዋ ከቀይ ስፕሩስ ዛፍ ጋር የተሳሰረ ነው። ከዛፉ ሥር አፈር ውስጥ የሚበቅለውን እንጉዳይ ቆፍራ ትበላለች፤ ዘሩን በኩሷ ትበትናለች፤ እንጉዳዩ ደግሞ የዛፉ ሥር ውኃና ማዕድን እንዲያገኝ ይረዳል። ማን ማንን እንደሚመግብ ለመናገር ያስቸግራል። ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ድረስ እንጨት ቆራጮች ባቡር ይዘው ገቡና ያንን ጫካ መነጠሩት፤ ከመጥረቢያው የተረፈውንም ብዙ ቦታ ላይ እሳት በላው። አሜሪካ በ1985 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ስታስገባት በሕይወት መኖራቸው የታወቀው 10 ብቻ ነበሩ።

ጫካው እያገገመ ሲመጣ መንግሥት በ2008 ከዝርዝሩ ሰረዛት፤ በ2011 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተመለሰች፤ በ2013 እንደገና ተሰረዘች። ለነገሩ ሽኮኮዋ ይህን ሁሉ ክርክር አልሰማችም። የእሷ ችግር ሌላ ነው፤ ስፕሩስ ብርድ ይወዳል፣ ከእሷ ተራራ በላይ ደግሞ ሌላ ተራራ የለም። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ከሥር የምትመጣባት ያችው ንጉሡ የተመኟት ደቡባዊት ዘመዷ ናት፤ ራሷን ብዙም የማይጎዳትን፣ ሰሜናዊቷን ግን ክፉኛ ያዳክማል ተብሎ የሚጠረጠረውን የአንጀት ትል ይዛ።