የኬኔዲ ሲጋር፣ ማዕቀቡና የእርጥበቱ ሣጥን

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1962 መጀመሪያ አንድ ምሽት ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ የፕሬስ ጸሐፊውን ፒየር ሳሊንጀርን ወደ ቢሮው አስጠራው። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ እስከ ነገ ጠዋት 1,000 ፔቲ ኡፕማን የተባለው የኩባ ሲጋር እንዲገኝለት ፈለገ። ሳሊንጀር ራሱ የሲጋር ወዳጅ ነበርና የዋሽንግተንን ሱቆች ያውቃቸዋል። በማግስቱ 1,200 አግኝቶ ቀረበ። ኬኔዲ ፈገግ አለ፤ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ረዘም ያለ ወረቀት አወጣና ፈረመበት። ወረቀቱ የኩባ ዕቃ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው አዋጅ ነበር።

ታሪኩን በ1992 የጻፈው ሳሊንጀር ራሱ ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው በፕሬዚዳንቱ ብልጠት ይስቃል። ሕዝብን የሚያግድ ሕግ ከመፈረም በፊት የራስን ድርሻ ማስቀመጥ በእርግጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየአገሩ ያለ ነው። ግን አንድ ነገር ይቀራል። 1,200 ሲጋር በቀን አንድ ቢጨስ ከ3 ዓመት በላይ የሚሄድ ነው። በመሳቢያ ተወርውሮ ግን ጥቂት ሳምንት እንኳ አይቆይም።

ምክንያቱ ለእንጀራ በላተኛ ግልጽ ነው። ክፍት የተተወ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ ትኩሱን በፕላስቲክ ያፈኑት ደግሞ ይሻግታል። መሶብ የተፈለገው ለመካከለኛው መንገድ ነው። ሲጋርም የደረቀ፣ የፈላና የተጠቀለለ ቅጠል ነው፤ በዙሪያው ካለው አየር ውሃ ይስባል፣ ለአየሩም ይሰጣል። አየሩ ሲደርቅ መጠቅለያው ይሰነጠቃል፣ ጣዕም የሚሰጠው ዘይትም ይተናል፤ እንዲህ ያለው ሲጋር ቶሎ ነድዶ አፍ ያቃጥላል። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ያብጣል፣ ጭስ አላስወጣ ይላል፣ ይሻግታል። ሙቀቱ ከ24 ወይም 25 ዲግሪ ካለፈ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ በቅጠሉ ውስጥ ተኝቶ የነበረ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ይፈለፈላል፤ ትሉም ሲጋሩን እየበሳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለዚህ ነው ለረጅም ዘመን 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበትና ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት እንደ ደንብ የተያዘው። ዛሬ 65 በመቶን የሚመርጡም ብዙ ናቸው።

ሃቫና ውስጥ ድርቀቱ ብዙም አያስጨንቅም። የባሕሩ አየር እርጥበት ዓመቱን ሙሉ ለዚያ ልክ ቅርብ ነው፤ ከተማው ራሱ ሣጥን ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ሲጋሩ ወደ ሰሜን ሲጫን ነው። በብርድ ወራት ዜሮ ዲግሪ የሆነ የውጭ አየር ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ውጭ 70 በመቶ የነበረው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ከአየሩ የወጣ ውሃ የለም፤ የሞቀ አየር ብዙ ውሃ የመሸከም አቅም ስላለው ያው ውሃ አንሶ ይገኛል እንጂ። የዋይት ሀውስም ማሞቂያ ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም። ፔቲ ኡፕማን ደግሞ ቀጭንና አጭር ስለሆነ ከወፍራሞቹ ቀድሞ ይደርቃል።

መፍትሔው የተገኘው በአብዛኛው ጄኔቫ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጄኔቫው ምሁር ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር በ1783 ባሳተመው ጥናት የሰው ፀጉር በእርጥበት እንደሚረዝምና በድርቀት እንደሚያጥር ተጠቅሞ የአየር እርጥበት መለኪያ ሠራ። ከዚያ 150 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ከተማ ዚኖ ዳቪዶፍ የተባለ ከሩሲያ ግዛት የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ ከላቲን አሜሪካና ከኩባ ተመልሶ በአባቱ የትምባሆ ሱቅ ምድር ቤት ሙቀቱና እርጥበቱ የሚቆጣጠር መጋዘን አዘጋጀ። ኩባ ላይ ያየውን አየር አውሮፓ ውስጥ መሥራቱ ነበር።

የቤቱ ሣጥን የዚያ መጋዘን ታናሽ ወንድም ነው። ውስጡ የሚለበጠው የስፔን ዝግባ በሚባል እንጨት ነው፤ ዛፉ ግን ዝግባም አይደለም፣ ከስፔንም አይመጣም፤ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ፣ የማሆጋኒ ዘመድ ነው። እንጨቱ ትርፍ እርጥበት ጠጥቶ በጎደለ ጊዜ ይመልሳል፣ ሽታውም ከትምባሆ ጋር ይስማማል። ውሃ ብቻ የጠጣ ስፖንጅ መቆሚያ ስለማያውቅ አየሩን ወደ 100 በመቶ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የተጣራ ውሃ ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል፣ ድብልቁም ወደ 70 በመቶ አካባቢ ይቆማል። ከሁሉ የሚያስገርመው የወጥ ጨው ነው። በጥቂት ውሃ የራሰ፣ ያልሟሟ ጨው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል፤ የቤቱ ሙቀት ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም ያው 75 ነው። መለኪያው ውሸታም መሆኑን ለማወቅ በርካሽ የሚገኘው ፈተና ይኸው ነው፦ አንድ ክዳን እርጥብ ጨው ከመለኪያው ጋር በአንድ ከረጢት አሽጎ ማሳደር። ጠዋት 70 ካነበበ፣ 5 በመቶ አሳንሶ ያነብባል ማለት ነው።

ኬኔዲም ሣጥን ነበረው። ኮሜዲያኑ ሚልተን በርል በ1961 በዓለ ሲመቱን ምክንያት አድርጎ ሰጥቶታል።

ማዕቀቡ ለዚህ ተራ የቤት ዕቃ ያልታሰበ ሥልጣን ሰጠው። ከአዋጁ በፊት አሜሪካ የገባ የኩባ ሲጋር ሕጋዊ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከ1962 በኋላ አንድ አሜሪካዊ አገሩ ውስጥ የኩባ ሲጋር በሕግ ሊገዛ የሚችለው ሌላ ሰው ሳይደርቅና ሳይነቅዝ ያቆየለትን ብቻ ነበር። ዋጋውም በየዓመቱ ወደ ላይ። ቀድሞ የሰማና ማስቀመጫ ያለው አተረፈ።

ሂሳቡን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። የኩባ መንግሥት በ1960 የትምባሆ ድርጅቶቹን ሲወርስ እንደ ሲፉንቴስና መነንዴዝ ያሉ ባለቤት ቤተሰቦች ተሰደዱ፤ ዛሬ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዓይነት ሲጋሮች፣ አንዱ ከኩባ አንዱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ የሚሸጡት በዚያ የተነሣ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ የነበሩት ፋብሪካዎች የሚጠቀልሉት የኩባን ቅጠል ነበር፤ ቅጠሉ ሲቋረጥ ሠራተኞቹ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው የኩባ ዘር ያላቸው፣ እንጀራቸው ተነካ። የኬኔዲ ረዳት የነበረው ሪቻርድ ጉድዊን በ2000 እንደጻፈው፣ ፕሬዚዳንቱ ሲጋርን ከማዕቀቡ ለማስወጣት ሞክሮ የተቃወሙት የታምፓ አምራቾች ናቸው። ቅጠሉ ቀርቶባቸው የተጠቀለለው ከሃቫና እየገባ እንዲወዳደራቸው አልፈለጉም።

ካስትሮ በ1985 ማጨስ አቆመ። ኬኔዲ ግን አዋጁን ከፈረመ 22 ወር ሳይሞላ ተገደለ። ማዕቀቡ ሁለቱንም አልፎ አለ፤ በኦባማ ዘመን ለመንገደኞች ላላ ብሎ የነበረው የሲጋር ክልከላም በ2020 ተመልሶ ጠበቀ።

የበርል ሣጥን በ1996 በጃክሊን ኬኔዲ ንብረት ጨረታ ቀረበ። በርል ራሱ መልሶ ሊገዛው ተወዳድሮ ዋጋው ሲያይልበት ተወው። በ574,500 ዶላር የወሰደው የሲጋር መጽሔት አሳታሚው ማርቪን ሻንከን ነው፤ ሳሊንጀር የ1,200ዎቹን ታሪክ ያወጣው በእሱ መጽሔት ላይ ነበር።