ጭርት፣ የድመት ፀጉርና ውሃ የበላው ጣት፦ ፈንገስ በሚያወጣው ፕሮቲን እንዴት ይጎዳናል?

ፈንገስ አፍም ጥርስም ሆድም የለውም። ታዲያ ቆዳችንን እንዴት ይበላዋል? እኛ ምግቡን ውጠን ሆዳችን ውስጥ እንፈጨዋለን፤ ፈንገስ ግን መፍጫውን ወደ ውጭ ነው የሚያፈሰው። ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖችን ከሰውነቱ እያወጣ ያረፈበትን ነገር ይቆራርጣል፣ ያሟሟል፣ ከዚያ የሟሟውን ይመጠዋል። የዳቦ ሻጋታም እንዲሁ ነው የሚበላው። አንዳንዱ ፈንገስ ግን ዳቦውን ትቶ ሰውንና እንስሳን ይመርጣል።

ጭርትን እንይ። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን፣ ፀጉራችንና ጥፍራችን ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ኬራቲን በሰልፈር እርስ በርሱ የተቋጠረ ስለሆነ የሰው ሆድ እንኳ አይፈጨውም። የጭርት ፈንገስ መጀመሪያ ሰልፋይት የሚባል ነገር ያወጣና ቋጠሮውን ይፈታል፤ ከዚያ ኢንዛይሞቹ እንደ መቀስ ገብተው ይቆርጡታል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከላይኛው የሞተ ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም። መቅላቱና ማሳከኩ የሚመጣው የእኛ ሰውነት ለፈንገሱና ለሚያወጣው ነገር በሚሰጠው ምላሽ ነው። ክብ የሚሆነውም ፈንገሱ ወደ ዳር እየሰፋ ሲሄድ መሃሉ እየዳነ ስለሚቀር ነው።

አሁን ወደ ድመቷ። ማይክሮስፖረም ካኒስ የሚባለው የጭርት ፈንገስ ስሙ የውሻ ይምሰል እንጂ ዋና ቤቱ ድመት ናት። ከሚያወጣቸው ኢንዛይሞች አንዱ፣ ሰብቲሊሲን የሚባለው፣ ከቆዳ ጋር እንዲጣበቅ ይረዳዋል። ድመት፣ በተለይ ፐርሺያን የሚሏት ባለ ረጅም ፀጉሯ፣ ምንም ምልክት ሳይታይባት ፈንገሱን ይዛ ልትዞር ትችላለች። ይህን ማወቅሽ ይጠቅምሻል። የልጁ ራስ ላይ ፀጉሩ ተመልጦ ክብ ሲታይ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ሠራተኛዋ ላይ ነው። ማዳምን ሳትጨቃጨቂ “ፉጥሪያት” በያት፣ በአረብኛ ፈንገስ ማለት ነው። ድመቷም የእንስሳት ሐኪም ትታይ በያት። ልጁ ብቻ ታክሞ ድመቷ ከቀረች ተመልሶ ይይዘዋል፣ አንቺንም ይይዝሻል። በረገፈ ፀጉር ላይ ያለው የፈንገስ ዘር ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ሶፋውንና ምንጣፉን በመጥረጊያ ከማቦነን በቫኪዩም መምጠጥ ይሻላል። ድመቷን ስታጥቢም ጓንት አድርጊ።

ስለ ቅባት ደግሞ ስሚኝ፣ ብዙ እህቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ስትቀቢ በሁለት ቀን መቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩም ይቆማል። የዳንሽ ይመስልሻል። የጠፋው ግን የሰውነትሽ መከላከል ነው፤ ፈንገሱ ኢንዛይሙን ማፍሰሱን አላቆመም፣ እንዲያውም ማንም ሳይነካው ይሰፋል። ፋርማሲ ስትሄጂ ክሎትሪማዞል ወይም ተርቢናፊን ብለሽ ጠይቂ። ክሎትሪማዞል ከሆነ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀባል፣ ምልክቱ ጠፋ ብለሽም ወዲያው አታቁሚ። ነጭ ሽንኩርት ማሸት አገር ቤት የለመድነው ነው፣ ግን ቆዳ ያቃጥላል። የራስ ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል።

ውሃ የበላው ጣት ግን ብዙ ጊዜ ጭርት አይደለም። ካንዲዳ የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው። ካንዲዳ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖራል። እርጥበት ሲበዛ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ነው የሚነሳው። እሱም ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያወጣል። ከዚህ ሌላ ካንዲዳሊሲን የሚባል መርዝ አለው፤ የታወቀው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እንደ አፍና ብልት ያለውን ስስ ሽፋን የሚሠሩትን ሴሎች ይበሳል።

ቀኑን ሙሉ ዕቃና ልብስ ስታጥቢ በጣቶችሽ መሃል ቆዳው ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ የጥፍርሽ ዳር ያብጣል። ክሎትሪማዞል ለካንዲዳም ይሠራል፤ እጅሽ ካልደረቀ ግን ዋጋ የለውም። የላስቲክ ጓንት ብቻውን በላብ ያረጥባል፣ ስለዚህ ከውስጥ የጥጥ ጓንት ልበሺ፣ ሲረጥብ ቀይሪው። ቀለበት አውልቂ፣ ከሥራ በኋላ በጣቶችሽ መሃል በደንብ አድርቂ። ይገድለዋል ብለሽ እጅሽን በረኪና ውስጥ አትንከሪ፤ በረኪና የሚያቆስለው የአንቺኑ ቆዳ ነው፣ የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ለፈንገስ ክፍት በር ነው።

መግል ከያዘ፣ መቅላቱ ወደ ክንድ ከወጣ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ስኳር በሽታ ካለብሽ ቅባት እየሞከርሽ አትቆዪ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በይ። እርጉዝ ከሆንሽ የሚዋጥ የፈንገስ ኪኒን ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው። ጥፍር ውስጥ የገባ ፈንገስ ኪኒን ተወስዶም ቶሎ አያምርም፤ የተበላው ጥፍር አድጎ እስኪቆረጥ የእጅ ጥፍር ስድስት ወር ገደማ፣ የእግር ጥፍር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።