ውሃ ቀጂዎቹ

በ1978 ዓ.ም. ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ለትምህርት ስሄድ የህትመት ጥበብ መምህሬ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ያስያዙኝ እርሳስ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ሁለት የኖራ ድንጋዮችን በአሸዋና በውሃ እያፋተግሁ ሳለሰልስ ሳምንት አለፈ። ከዚያ በቅባታማ እርሳስ ግራና ቀኙን ገልብጦ መሳል፣ አሲድ ጠብ የተደረገበት ሙጫ መቀባት፣ ድንጋዩን እያረጠቡ ቀለም ማንከባለል ተከተለ። ቅባትና ውሃ ስለማይስማሙ ቀለሙን የሚይዘው የተሳለበት ቦታ ብቻ ነው። ሊቶግራፍ የሚባለው የድንጋይ ህትመት ይህ ነው። ሙጫው በእኛም ቆላ ከግራር የሚለቀም መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

መምህሬ የከበባው ዘመን ልጅ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከተማዋን እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1941 ከበቡ፤ ከበባው 872 ቀን ቆየ። በዚያው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ለሕፃናት የሚሰፈረው ዳቦ በቀን 125 ግራም ነበር። የውሃ ቧንቧው በረዶ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ወደ ኔቫ ወንዝ ወረደ።

በዚህች ከተማ «ተዋጊው እርሳስ» የሚባል የሠዓሊዎችና የገጣሚዎች ማኅበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ሶቪየት ኅብረት ከፊንላንድ ጋር ስትዋጋ ተመሥርቶ፣ በ1941 ዳግም ተሰባሰበ። በድንጋይ እያተሙ፣ ከሥዕሉ ሥር አጭር ግጥም እያስገቡ፣ ሂትለርን መሳቂያ አደረጉት። ወሬ አናፋሹንም አልማሩትም። የሚያስፈራህን ጠላት አንዴ ከሳቅህበት ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሥራቸውን አከብራለሁ።

ልቤን የያዘው ግን አሌክሲ ፓሆሞቭ ነው። ከጦርነቱ በፊት የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊ ነበር። በከበባው ከተማዋን ሳይለቅ የጎረቤቶቹን ኑሮ ሳለ። በ1942 የሠራው «ወደ ኔቫ፣ ውሃ ለመቅዳት» የተሰኘው ሊቶግራፍ ጠላትም መፈክርም የለበትም፤ ያለው ለብርዱ ልብስ በልብስ ላይ የደራረበ፣ የደከመ፣ ግን የሚራመድ ሰው ነው። መምህሬ ህትመቱን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። እሳቸውም በልጅነታቸው መንሸራተቻ እየጎተቱ ውሃ እንደቀዱ፣ የፈሰሰባቸውም ውሃ ካፖርታቸው ላይ በረዶ ይሆን እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ባረጠብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው፤ ሊቶግራፍ ያለ ውሃ አይታተምም።

ሰው በጦርነት መሀል የሚበረታው ድካሙን ያየለት ሲያገኝ ነው ብዬ አምናለሁ። ፓሆሞቭ ለሌኒንግራድ ሰዎች ያደረገላቸው ይህንን ነው። በጥር 1944 ከበባው ሙሉ በሙሉ ሲያበቃ የተተኮሰውንም ርችት ሳለ፤ በ1946 ለእነዚህ ሥራዎቹ የስታሊን ሽልማት ተሰጠው።

እዚህ አገር ሥነ ጥበብ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ስለ ጦርነት ሥዕል ስታስተምሩ ከፈረሰኛውና ከመድፉ በፊት እነዚህን ውሃ ቀጂዎች ለልጆቹ አሳዩልኝ።